የወረደው ማሳ

በአንድ ወቅት ነው እንግዲህ። ዘመኑን አትጠይቁኝ፤ እኔም የነገሩኝን ሰዎች አልጠየቅኋቸውም። ጥቁር አምባ በሚባል አገር ሦስት ሰዎች በአንዲት ማሳ ተካሰሱ። ማሳዋ ደግሞ ከቦታዋ ተነስታ የሄደች ማሳ ናት። አትሳቁ! ስጨርስ የሚስቅ ካለ ያኔ እናያለን።

መጀመሪያ አገሩን ልንገራችሁ፤ እናንተ የመረሬ አገር ልጆች ስለሆናችሁ አይገባችሁም። እናንተ ዘንድ ሰው ጉድጓድ ቢቆፍር አፈር፣ ቢጨምር አፈር ነው፤ ክንዱ ይደክማል እንጂ አፈሩ አያልቅም። ጥቁር አምባ እንዲህ አይደለም። ተራራው ድሮ እሳት የተፋ ተራራ ነው ይላሉ። እሳቱ ሲበርድ አለት ሆነ፣ አመዱ በአለቱ ላይ ተኛ፣ አመዱም ውሎ አድሮ አፈር ወጣው። አፈሩ ጥቁር ነው፣ ለም ነው፣ የዘሩበትን አይክድም። ጉዱ ስስ መሆኑ ነው። ማረሻ ትንሽ ጠለቅ ካለ አለቱን ይፍቃል፤ በሬዎቹ ይደነግጣሉ፣ ገበሬውም ይራገማል። ዝናብ ሲመጣ በአንድ ጉንጭ ይጠጣል፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ጠጥቶ እንደማያውቅ ሰው ይሰነጣጠቃል። ሥር ወደ ታች መሄጃ ስለሌለው ወደ ጎን ይሄዳል፤ የጎረቤቱን ሥር ይይዛል፣ ያም የጎረቤቱን። ሰዉ እንኳ ሲሞት መቃብር የሚቆፈርለት ታች ወንዝ ዳር ወርዶ ነው።

ስለዚህ በጥቁር አምባ «መሬትህ ስንት ጥማድ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ስንት ጣት ነው?» ነው የሚባለው። ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ የልጅቱ አባት ዘንጉን ይዞ ከልጁ አባት ማሳ ላይ ይወጣል። ይወጋል፤ አለቱ ቀው ሲል ዘንጉን ይመዝና አፈሩ የነካውን በጣቱ ይለካል። ስምንት ጣት ከሆነ «በሉ ደግሱ» ይላል። አራት ከሆነ «እስቲ ከእናቷ ጋር ልማከር» ይላል። ይህም ማለት ወደ ቤታችሁ ግቡ ማለት ነው።

እሺ፣ ወደ ሰዎቹ።

ከተራራው አናት ዝቅ ብሎ፣ ተረተሩ ላይ፣ ማንጠግቦሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አንዲት የገብስ ማሳ ነበረቻት። ሰባት ጣት። አንድ ሴት ልጇን በዚያች ማሳ አሳድጋ ለቆላ ሰው ድራለች። ከማሳዋ ሌላ ምንም የላትም። አማቿ ደግ ሰው ነው፤ በየዓመቱ «እማማ፣ እኛ ዘንድ ይምጡና ይረፉ» እያለ ይልክባታል። እሷም «ይባረክ፤ ግን የአማች እንጀራ ጉሮሮ ይፍቃል። ገብሴ እያለ አልመጣም» ብላ ትመልሳለች። ገብሷ ካለ ሰው ናት፤ ገብሷ ከሌለ የሰው ቤት ጥገኛ ናት። ነገሩ ይኸው ነው።

ከእሷ ማሳ ሥር፣ ቁልቁለቱ ሲያልቅ፣ ሰፊ ራቁት አለት ተንጣሎ ይገኛል። የዚያ አለት ባለቤት ሸዋንግዛው ነው። አባቱ ሲሞት ወንድማማቾቹ ዕጣ ተጣጣሉ፤ ለእሱ አለቱ ደረሰው። ዕጣ የእግዜር ነው፣ አይመለስም። ዕድሜውን ሙሉ የሰው መሬት በእኩል ያርሳል፤ ለአለቱ ግን እንደ ማንኛውም ባለርስት ይገብራል። ሚስትም አላገኘም። ማን ይሰጠዋል? የትኛው አባት ዘንጉን ይዞ መጥቶ ምን ሊወጋ? ልጆች በመንገድ ሲያገኙት «ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ዘንድሮ አለቱ ስንት ቁና ገባ?» ይሉታል። እሱም ድንጋይ ያነሳባቸዋል፤ ድንጋይ መቼም ሞልቶታል።

ሦስተኛው ይመር ነው። ሚስቱን ተከትሎ ከሌላ አገር የመጣ የካብ ባለሙያ ነው፤ በጥቁር አምባ አንድ ጣት አፈር የለውም። ከአለቱ ዳር፣ ከሸዋንግዛው ጎን፣ የድንጋይ ቤት ሠርቶ ይኖራል። በየክረምቱ ከተረተሩ የሚወርደውን ጥቁር ጎርፍ እያየ ይብሰለሰላል። «አፈር እኮ ነው በደጄ የሚያልፈው» ይላል። «ሰላም እንኳ ሳይለኝ ገደል ይገባል።»

አንድ ቀን ደቦ ላይ ሸዋንግዛውን ጠየቀው። «አለትህ ጫፍ ላይ፣ ከገደሉ በፊት፣ ካብ ልካብበት?»

ሸዋንግዛው በሳቅ ፈረሰ። «ካብ! የያዝከው አፈር ይባረክልህ። አለቱን ብቻ እንዳትሰርቀኝ!»

ደቦተኛው ሁሉ አብሮ ሳቀ። ይህችን ሳቅ ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

ድንጋዩን ከየት አመጣው? መጀመሪያ አለቱ ላይ የተበተነውን ለቀመ፤ ያ ሲያልቅ ከማንጠግቦሽ ማሳ። ድንጋዩ ማረሻዋን እየሰበረ አስመርሯት ነበርና «ውሰድልኝ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥህ» አለችው። በጋ በመጣ ቁጥር ይለቅማል፣ ያወርዳል። ካቡ ከፍ ባለ መጠን ማሳዋ ጸዳ፤ ሁለቱም ደስ አላቸው። የአገሩ ሽማግሌ አባ ወንዳፍራሽ ብቻ፣ አገሬው ሁሉ አፈሩን የሚያስለካቸው ባለ ዘንግ፣ ሲያልፉ አይተው «ድንጋይ ለስስ አፈር ሚስማሩ ነው፤ ነቅላችሁ አትጨርሱት» አሉ። ማን ሰማቸው? ሽማግሌ መቼም ሳይናገር አያልፍም።

ከዚያ አንድ ዓመት ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቀጥ አለ። ስሱ አፈር ወዲያው ደረቀና ገብሱ ቢጫ ሆነ። ማንጠግቦሽ ጨነቃት። ማሳዋን የሚያቋርጠውን ፈሰስ፣ ትርፍ ውሃ የሚወጣበትን ቦይ፣ ጠብ ያለችው ሁሉ እንድትቀርላት ብላ በሣርና በጭቃ ደፈነችው። ዝናቡ ሲመለስ ገብሱ አረንጓዴ ሆነ። ያኔ ፈሰሱን መክፈት ነበረባት። «ትንሽ ይጠጣ፣ ተጠምቶ ነው የከረመው» አለች። የእናት አንጀት ነው፤ ለገብስም ይሆናል። ነሐሴ ገባ፤ ሰማዩ ተቀደደ። ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ታች ሰረገ፣ ታች ደግሞ አለት ነው፣ ስለዚህ በአፈሩና በአለቱ መካከል ተኛ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ስትል፣ ማሳው ሄደ።

ነጎድጓድ የለ፣ ጩኸት የለ። ያዩት ሰዎች «ቁርበት ከመደብ ላይ ሲንሸራተት አይታችኋል? እንደዚያ ነው» ይላሉ። ሥሩ ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዞ ስለነበር ሲሄድም አብሮ ሄደ። ገብሱ እንደቆመ፣ የድንበር ድንጋዩ እንደተተከለ፣ ከድንጋዩ ሥር የበቀለው እሬት እንኳ ሳይጋደም፣ ቁልቁለቱን ወርዶ በሸዋንግዛው አለት ላይ ተዘረጋና የይመርን ካብ ገፍቶ ቆመ።

ማንጠግቦሽ ሣር ተሸክማ ስትመለስ ነበር። ማሳዋ የነበረበት ቦታ ላይ እርጥብ አለት ሲያብረቀርቅ አየች። «ኡኡ! ማሳዬን!» ብላ ሣሩን ጣለች። ከዚያ ቁልቁል ብትመለከት ገብሷ ታች ቆሞ በንፋስ ይወዛወዛል። ጩኸቷ መሃል ላይ ተቋረጠ፤ ምን ብላ እንደምትጮህ አላወቀችም።

ይመር ቀድሞ ደረሰ። ካቡ ሆዱ ተነፍቶ ወደ ገደሉ ጎብጧል፤ አሁን አሁን ይናዳል። መደገፊያ ድንጋይ ቢፈልግ በአካባቢው አንድ የለም፤ ለቅሞ የጨረሰው ራሱ ነዋ! ሮጦ ሄዶ የገዛ ቤቱን ግድግዳ ማፍረስ ጀመረ። ሚስቱ «ምነው ሰውዬ፣ አብደሃል?» አለች። «ተቀበይኝ!» አላት። ተቀበለችው። ባልና ሚስት ቤታቸውን አንድ በአንድ እያመላለሱ ከካቡ ሥር ደረደሩት።

ሸዋንግዛው ተከትሎ ደረሰ። ካቡ በድንጋይ ብቻ እንደማይድን ገባው፤ ከኋላው ውሃ ቋጥሯል። ውሃው የሚወጣበት አንድ ዝቅ ያለ ቦታ አለ፤ እሱም በራሱ ግቢ በኩል ነው። ዲጂኖውን አንስቶ የአለቱን ከንፈር ሰበረና ውሃውን ወደ ገዛ ቤቱ ለቀቀው። ለክረምት ያስቀመጠው እህል፣ ገና ያላስረከበው የባለመሬቱ ድርሻ፣ ጎተራው፣ የጭድ ክምሩ ተጠርጎ ገደል ገባ። ቆሞ አየው። «ሂድ እንግዲህ» አለ፤ ውሃውን ይሁን እህሉን አልታወቀም።

ማንጠግቦሽ ደግሞ፣ ገብሱ ቆሞ ቢወርድም እንደ ምንጣፍ የወረደው አፈር ተሰነጣጥቆ ሥሩ አየር ላይ መቅረቱን አየች። በማግስቱ መጥረጊያና ቅርጫት ይዛ ወደ ራቁቱ ተረተር ወጣች። አለቱን እንደ አውድማ ጠረገችው። በየስንጥቁ የቀረውን አፈር በጣቷ እየፋቀች፣ በጀርባዋ እያወረደች፣ የገብሱን ሥር አለበሰችው። ጥፍሯ ደማ፣ ወገቧ ተቆረጠ። መስከረም ሲጠባ ላይኛው ቦታ ላይ አንድ እፍኝ አፈር አልቀረም ነበር። ወደዚያ መመለሻዋን በገዛ እጇ ጠርጋ ጨረሰች ማለት ነው።

ገብሱ ዳነ። ዳነ ብቻ? ኅዳር ላይ የታጨደውን ዓይነት ገብስ ጥቁር አምባ አይቶ አያውቅም። አባ ወንዳፍራሽ መጥተው ከካቡ አጠገብ ዘንጋቸውን ሰደዱ። ዘንጉ ገባ፣ ገባ፣ ገባ። አውጥተው ቢለኩት ሁለት ስንዝር ሆነ! ቆባቸውን አወለቁ። ሌሎቹም አወለቁ። በዚያ አገር ሰው ስንዝር ሙሉ አፈር የሚያየው ወይ በሕልሙ ወይ ሲሞት ነው።

እህሉ አንድ ጎታ ጢም ብሎ ሞላ፤ የአንድ ቤት የዓመት ቀለብ ነው። ጠቡም ከዚያች ሰዓት ጀመረ። ሽማግሌዎች የጎታውን አፍ በጭቃ መረጉትና «ፍርድ እስኪሰጥ የነካ ቢኖር ውርድ ከራሳችን» ብለው ሦስቱን ከዋርካው ሥር አቆሟቸው።

ማንጠግቦሽ ነጠላዋን አደግድጋ ቆመች። «አፈሩ የእኔ፣ ዘሩ የእኔ። የድንበሬም ድንጋይ ያውላችሁ። እኔ አላንቀሳቀስኩትም፤ ያወረደው እግዜር ነው። ድንበር የነካ እጅ አይባረክም ትሉ የለም? በሉ የሚደፍር ይንቀለው!»

ማንም አልተነቃነቀም። በጥቁር አምባ ነፍስ ያጠፋ እንኳ ካሳ ከፍሎ ታርቆ ይገባል፤ የድንበር ድንጋይ የነካ ግን እስከ ልጅ ልጁ ይረገማል።

ሸዋንግዛው ተነሳ። «አፈር እንግዳ ነው፤ ዛሬ መጣ፣ ነገ ይሄዳል። ሲሄድም አያችሁት። አለት ግን የትም አይሄድም። የአባቴ ዕጣ ነው፤ ራቁቱን ሳለ የእኔ ነበር፣ ስትስቁብኝም የእኔ ነበር። ዛሬ ሲለብስ የማን ሊሆን ነው? ደግሞ ውሃው የበላው የማንን ጎተራ ነው?»

ይመር ብዙ አልተናገረም። «አፈርም የለኝ፣ አለትም የለኝ፤ ያለኝ ካብ ነው። ካቡ ባይኖር ዛሬ የምትካሰሱት ከገደል ጋር ነበር። ሸዋንግዛው፣ የያዝከው አፈር ይባረክልህ ብለኸኝ የለም?»

«ኧረ በቀልድ ነው!» አለ ሸዋንግዛው።

«ካቡን ግን በቀልድ አልካብኩትም» አለ ይመር።

ደቦው ላይ የሳቁት ሁሉ መሬት መሬት አዩ።

ከዚያ እንደምታውቁት ጥፋት መፈላለግ መጣ። አንዱ «ፈሰሱን የደፈነችው እሷ አይደለችም?» አለ። ማንጠግቦሽ ወደ ይመር ዞረች። «ሚስማሩን ነቅሎ የጨረሰውስ ማነው?» ይመርም «እትዬ፣ ውሰድልኝ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለ። ሸዋንግዛው ደረቱን ነፋ አድርጎ «እኔ እንኳ ምንም አላጠፋሁም» ቢል፣ ማንጠግቦሽ «ውሃውን እስክትለቅ ድረስ ምን ሠርተህ ልታጠፋ!» አለችው። እውነቷን ነው፤ የእሱም እውነት ነው። ጣጣው ይኼ ነው።

አንድ ጎልማሳ «ማሳዋን ሦስት ቦታ ክፈሏትና ይብቃን» አለ። አባ ወንዳፍራሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አፈሩን ለሦስት ተካፍለን ወደየቦታችን እንሸከም ካሉ በየደረሰበት ሁለት ሁለት ጣት ነው፤ ሁለት ጣት ደግሞ አቧራ ነው። እንዳለች ትከፈል ከተባለም የአንድ ቤት ቀለብ ናት፤ ሦስት ቤት ይራባል። የተራበ ሰው ደግሞ አገር ጥሎ ይሄዳል። ያኔ ካቡን ማን ይጠግናል? ውሃውንስ ማን ያስወጣል? አንድ ክረምት አትከርምም።»

አንዲት ነገረኛ ሴት ከኋላ «ሸዋንግዛው ሚስት የለው፣ ማንጠግቦሽ ባል የላት! ተጋቡና ገላግሉን!» ብላ ጮኸች።

«ኤዲያ!» አለች ማንጠግቦሽ። «አፈሬን ያልሰጠሁትን ራሴን ልስጠው?»

ሸዋንግዛው ጋቢውን አስተካከለ። ማስተካከሉ ትንሽ ረዘመ የሚሉ አሉ፤ እኔ አልነበርኩም። ይመር ግን «እሺ፣ እነሱ ተጋቡ፤ እኔስ ከሁለታቸው ማንን ላግባ?» ቢል ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሦስቱም አብረው ሳቁ። ሳቁ ግን ፍርድ አልሆነም።

እንዲህ እንዲህ ሲል በጋው አለቀ። ይመርና ሚስቱ ግድግዳው በፈረሰ ቤት ከረሙ፤ የሚስቱ ዘመዶች «እዚህ ብርድ ከሚገድላችሁ ወደ አገርህ ይዘሃት ግባ» ይሉት ጀመር። ሸዋንግዛው እህሉ በጎርፍ ስለሄደ የባለመሬቱን ድርሻ ማስረከብ አቃተው፤ ባለመሬቱም ማሳውን ለሌላ እኩል አራሽ ሰጠበት። ለማንጠግቦሽ ደግሞ አማቿ በቅሎ ላከላት። ተላላኪው «እማማ፣ ጌታዬ ከክረምቱ በፊት ይግቡ ብሏል» አላት። በቅሎዋን ደጇ ላይ አሰረች፤ አልጫነቻትም፣ አልመለሰቻትም። ጠዋት ጠዋት ሣር ስትሰጣት «ቆይ፣ አትቸኩዪ» ትላታለች አሉ።

ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ወረደ። እንግዲህ እናንተ የመረሬ ልጆች ዝናብ ከጣለ በኋላ ተኝታችሁ፣ ተነስታችሁ፣ ቆሎ ቆርጥማችሁ ታርሳላችሁ። ያ አፈር ግን ቀጠሮ አያውቅም፤ እርጥበቱ ሳያመልጥ ካልታረሰ ሰኔው አለፈ፣ ዓመቱም አለፈ። ማሳዋም ጦሟን ካደረች፣ የሚይዛት ሥር ከሌለ፣ የሚቀጥለው ጎርፍ ካቡን ዘላ እንድትሄድ ያደርጋታል።

አባ ወንዳፍራሽ በጠዋት የራሳቸውን በሬዎች ጠምደው ወረዱ። አገሩ ሁሉ ተከተላቸው። ሲደርሱ ሦስቱም ቀድመዋቸዋል። ይመር ሌሊቱን ዝናቡ የጣላቸውን ድንጋዮች ወደ ካቡ ይመልሳል። ሸዋንግዛው ከውሃ መውጫው ላይ ደለል ይጠርጋል። ማንጠግቦሽ ከድንበር ድንጋዩ አጠገብ፣ ከአምና ያስቀረችውን ዘር በቁና ይዛ፣ ቆማለች፤ በቅሎዋ ከኋላዋ ተጭናለች። ማንም ማንንም አላዘዘም።

አባ ወንዳፍራሽ ጅራፉን በትከሻቸው ጣል አድርገው እርፉን ያዙና ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «አፈሩን እግዜር አወረደው» አሉ። «እርፉን ማስጨበጥ ግን ለእኛ ተወልን። ዛሬ እርፉን የጨበጠ ማሳዋ የእሱ ናት። እኔ አርጅቻለሁ፤ ብቻዬን አልፈርድም። ለማን ልስጥ?»

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ፀሐይዋ ከተረተሩ በላይ ብቅ አለች፤ አፈሩ ከአለቱ ጠርዝ ጀምሮ ከጥቁርነቱ ወደ ግራጫ መለወጥ ያዘ። የነገሩኝ ሰዎች እዚህ ላይ ነው ዝም ያሉት።

እኔ አልፈርድም። አንድ ጊዜ ፈርጄ ሚስቴ ሳምንት ሙሉ አኩርፋኝ ነበር፤ ለማን እንደፈረድኩም አልነግራችሁም። እናንተ ግን ጉልበትም አፍም አላችሁ። አፈሩን አውርዳ፣ አለቱን ጠርጋ፣ ዘሯን ይዛ ለቆመችው፤ ራቁቱን አለት ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞ፣ ለሌላ ሰው ገብስ ሲል ጎተራውን ለጎርፍ ለሰጠው፤ ወይስ ሁሉም ሲስቅ ድንጋይ ሲደረድር ኖሮ፣ በመጨረሻ ቤቱን አፍርሶ ለደረደረው? በሬዎቹ ተጠምደዋል፣ በቅሎዋም ተጭናለች፣ አፈሩም እየደረቀ ነው። በሉ ንገሩኝ፤ እርፉን ለማን ታስጨብጡታላችሁ?